ልጅ ሲስል እየተናገረ ነው

(በእሁድ የእህቶች ስብሰባ ላይ ከተሰጠ ትምህርት። እረፍት አጥታችሁ ላልተገኛችሁ እህቶች እንዲደርስ ተጽፎ የወጣ።)

  

የዛሬው ጉዳይ የልጆች ሥዕል ነው። «ሥዕል ደግሞ ለኛ ለሠራተኞች ምን ይሠራልናል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን አስቡት፤ የሰው ልጅ በእኛ እጅ ያድጋል፣ የእኛ ልጅ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ያድጋል። ሁለቱም ልጆች እርሳስ ይይዛሉ። ሁለቱም የሳሉትን ይዘው «እዪልኝ» ይላሉ። በዚያች ደቂቃ የምንመልሰው መልስ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የማውቀው አጥፍቼ ስለተማርኩ ነው፤ ስለዚህ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ልጄን ለእናቴ ትቼ ስመጣ 3 ዓመቷ ነበር። 4 ዓመት ተኩል ሲሆናት እህቴ ሥዕሏን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ ሁለት ዓይንና አንድ አፍ፣ ከክቡ በታች ደግሞ እንደ ዱላ የረዘሙ ሁለት እግሮች። ሆድ የለው፣ እጅ የለው። «እማዬ ናት ብላለች» የሚል የእህቴ ድምፅም አብሮ መጣ። እሁድ ስደውል ልጄ ስልኩን ከአያቷ ነጥቃ «አየሽው?» አለችኝ። እኔም ያስተማርኩ መስሎኝ «አየሁት፤ ግን እጄ የታለ? ሰው ያለ እጅ ይኖራል እንዴ? ሆዱንም ጨምሪና አስተካክለሽ ሳዪው» አልኳት። ዝም አለች። ስልኩን ለአያቷ መለሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንድም ሥዕል አልመጣም። «ለምን አትስይልኝም?» ስላት መልሷ አንድ ነው፤ «አልችልም።»

በዚያው ሰሞን፣ እዚሁ ቤይሩት በምሠራበት ቤት፣ 4 ዓመት የሞላው የማዳም ልጅ ከወለሉ ላይ ተነስቶ ወረቀት ይዞ ሲሮጥ መጣ። ባየው፣ ቁርጥ የልጄን ሥዕል! ክብ ራስ፣ ሁለት ረጃጅም እግር፣ ሆድ የለው፣ እጅ የለው። ማዳሜ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ናት። ደስ ብሏት አየችውና ማቀዝቀዣው ላይ እንድለጥፈው ሰጠችኝ። ደፍሬ «ማዳም፣ ይሄ ሰው እኮ እጅ የለውም» አልኳት። ሳቀችና «በዚህ ዕድሜ ልጆች እንዲህ ነው የሚስሉት፤ ምንም አልጎደለውም» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማዳምን ልጅ ሥዕል በገዛ እጄ ለጥፌ፣ የልጄን ግን በገዛ አፌ አስቀርቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ለክፍሏ ወረቀት ስቆርጥላት እየጠየቅኋት፣ እሷም ሳትሰለች እያስረዳችኝ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ሥዕልም እንደ እግር መንገድ ይማራል

ልጅ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይድሃል፣ ቆይቶ ይቆማል፣ በመጨረሻ ይሄዳል። የሚድህ ልጅን «ለምን አትሮጥም?» ብሎ የሚቆጣ የለም። ሥዕልም እንዲሁ ደረጃ አለው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው አይመጣም።

ይህን ማጥናት ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮራዶ ሪቺ የሚባል ጣልያናዊ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክረምት፣ ቦሎኛ በምትባል ከተማ ሲሄድ ዝናብ ያዘውና በረንዳ ሥር ተጠለለ። ግድግዳው በልጆች ሥዕል ተሞልቶ አገኘው። ከፍ ብሎ ያለው የትልልቆቹ፣ ዝቅ ብሎ ያለው ቁመታቸው ያልደረሰ የትንንሾቹ ነበር። ያ ነገር ከልቡ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ልጆች ሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። እኛ በበረኪና የምንፈትገውን ግድግዳ እሱ ቆሞ አነበበው ማለት ነው።

ከእሱ በኋላ ብዙዎች መጡ። ቪክቶር ሎወንፌልድ የተባለ የኦስትሪያ መምህር ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው መጽሐፍ ደረጃዎቹን በየዕድሜው ዘረዘራቸው። ሮዳ ኬሎግ የተባለች ሴት ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ትምህርት ቤት እየሠራች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የልጆች ሥዕል ሰበሰበች። የተለያየ አገር ልጆች ሲጀምሩ የሚስሉት በጣም እንደሚመሳሰል አየች። የማዳም ልጅና የኔ ልጅ አንድ ዓይነት ሰው የሳሉት ለዚህ ነው።

አሁን ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ዕድሜው ግምት ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። እርሳስ ቶሎ ያላገኘ ልጅ ዘግይቶ ይጀምርና ሲያገኝ በፍጥነት ይደርስበታል። ስለዚህ የአንዱን ልጅ ከሌላው አታወዳድሩ።

ከ1 ዓመት ተኩል ገደማ እስከ 3 ዓመት፤ መሞነጫጨር

ሕፃኑ እርሳሱን በጡጫው ይጨብጥና ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ያወዛውዛል። ለእኛ ቆሻሻ ይመስለናል። ለእሱ ግን ትልቅ ግኝት ነው፤ «እኔ እጄን ሳንቀሳቅስ እዚያ አንድ ነገር ቀረ!» ይላል። ተመራማሪዎች ለሕፃናት ምልክት የማይተው እርሳስ ሲሰጧቸው መሞነጫጨሩን ይተዉት ነበር። የሚወዱት እጅ ማወዛወዙን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውን ምልክት ጭምር ነው። ቀስ በቀስ እንቅስቃሴው ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ እጅ አንጓ፣ ከዚያም ወደ ጣቶች ይወርዳል። ነገ «ሀ ሁ» የሚጽፈው እጅ የሚሠለጥነው እዚህ ነው።

ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ የሞነጨረውን አይቶ ስም ያወጣለታል። «ይሄ ባባ ነው» ይላል። ከአፍታ በኋላ ያንኑ «መኪና ነው» ይለዋል። ዋሸ አትበሉት። ምልክት ሌላን ነገር ሊወክል እንደሚችል አሁን ገባው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የማንበብም የመጻፍም ሥር ነው።

ከ3 እስከ 5 ዓመት፤ እግር ያበቀለ ራስ

መስመሩን ዞሮ መግጠም ሲችል ክብ ይመጣል። ክቡ ዓይን ያወጣል፣ እግር ያበቅላል፣ ሰው ይሆናል። እጅ ካለውም ብዙ ጊዜ ከራሱ ጎን ይወጣል። ልጁ ሰው ሆድ እንዳለው ያውቃል፤ «ሆድህ የታለ?» ብትሉት ወዲያው ይነካላችኋል። ነገር ግን የሚስለው ያየውን ሁሉ አይደለም፤ ለእሱ ዋና የሆነውን ነው። ፊት ያናግረዋል፣ እግር ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ለልጄ ምን ነበርኩ? በስልክ የሚያናግር ፊትና የሄደ እግር። እሷ የሳለችው ትክክል ነበር፤ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

በዚህ ዕድሜ ሰውና ቤት በወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ሽምብራ ይንሳፈፋሉ። ቀለም የሚመረጠው በመውደድ ነው፤ ወይን ጠጅ ውሻ፣ አረንጓዴ አያት ቢመጣ አትደነቁ።

ከ5 ወይም 6 እስከ 9 ዓመት፤ መሬትና ሰማይ

አሁን ከታች የመሬት መስመር ይሰመራል፤ ሰው፣ ዛፍ፣ ቤት ሁሉ በላዩ ይቆማል። ከላይ ሰማያዊ ሰማይ፣ ጥጉ ላይ ፀሐይ። ልጁ «ቤት እንዲህ ነው፣ ሰው እንዲህ ነው» የሚል የራሱን አሳሳል አግኝቶ ደጋግሞ ይስለዋል። ሁለት የሚያስቁን ነገሮችም ይመጣሉ። አንደኛው፣ የቤቱ ግድግዳ እያለ ውስጡ ይታያል፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የተኛችው ድመት። ልጁ የሚስለው ዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ሁለተኛው፣ የሚወደው ወይም የሚፈራው ነገር ይገዝፋል። አያት ከቤቱ ትበልጣለች፤ የነከሰው ውሻ ከመኪናው ይበልጣል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እመቤታችን ከፍ ብላ ትሳላለች፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ደግሞ ከእግሯ ሥር ትንሽ ሆኖ ተደፍቶ ይታያል። መልካም ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። «ሠዓሊው መጠን አያውቅም» ብሎ የሚስቅ የለም። መጠኑ ክብርን እንደሚናገር እናውቃለን። ልጆቻችንም በዚያው ቋንቋ እየተናገሩ ነው።

ከ9 እስከ 12 ዓመት፤ «አልችልም» የሚመጣበት

እህቶቼ፣ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ነው። ልጁ አሁን ዓይኑ በስሏል። የሩቁ ነገር እንደሚያንስ፣ የፊተኛው የኋለኛውን እንደሚጋርድ ያያል፤ እጁ ግን ገና አልደረሰበትም። ይስላል፣ በላጲስ ያጠፋል፣ ወረቀቱን ጨምድዶ ይጥላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከሳቀበት እርሳሱን አስቀምጦ ዕድሜ ልኩን «እኔ ሥዕል አልችልም» ሲል ይኖራል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንል? ያ የተቋረጠው በዚህ ዕድሜ ይሆናል።

ስለዚህ ትንንሾቹን ዝም ብለን እናያለን፤ ይህን ዕድሜ ግን በሥራ እንረዳለን። «የገዛ እጅህን አይተህ ሳል»፣ «ጀበናውን ፊትሽ አስቀምጪና ሳዪው» እንላለን። ሲጠይቁ እናሳያቸዋለን። ሥዕል ያልሆነላቸው በጭቃ፣ በስፌት፣ በጥልፍ እንዲሠሩ እናደርጋለን።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ማዳሜ ካስተማረችኝና ሞክሬ ካየሁት ስድስት ነገር ልንገራችሁ።

1. «ምንድን ነው?» አትበሉ፤ «ንገረኝ» በሉ። «ምንድን ነው?» ስንል ልጁ «አልገባትም፤ አላሳመርኩትም» ብሎ ይሰማል። «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ስንለው ግን አፉን ይከፍታል። እዚህ ለአረብ ልጆች ወንዱን «ኸብርኒ»፣ ሴቷን «ኸብሪኒ» በሏቸው፤ ይበቃል።

2. ያያችሁትን ተናገሩ። «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ብቻ እያሉ ማለፍ እንዳላዩት ነው። «ቀዩን አጥብቀህ ቀባኸው»፣ «ሦስት ወፍ ጣራው ላይ አየሁ» ስትሉት በእውነት እንዳያችሁት ያውቃል።

3. አታርሙ፣ አትሳሉለት። «ሳዪልኝ» ብሎ ቢለምናችሁ እናንተ ያማረ ድመት ስትስሉ የእሱ ድመት ያስጠላዋል። ይልቅ ጠይቁት፤ «ድመት ስንት እግር አላት? ጆሮዋስ ሹል ነው ክብ?» መልሱን ራሱ ወረቀቱ ላይ ያደርገዋል። ሥዕሉ ታትሞ ቀለም ብቻ የሚሞላበት ደብተርም ለአንዳንድ ጊዜ ይሁን፤ ሎወንፌልድ አጥብቆ ይቃወመው ነበር፤ ልጁ የራሱን ትቶ የሌላ ሰውን መስመር ይጠብቃልና።

4. በሽልማት አትግዙት። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው፣ በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆች ተመረጡ። ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ ሽልማት አላችሁ» ተባለና ተሰጣቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማርከሩ በነፃ ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተነግሯቸው የነበሩት ልጆች በመሳል ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ደስታው ሥራ ሆነባቸው። «ሥዕል ካልላክሽ ጫማ አልልክም» የምንል እናቶች፣ ይህን እናስብ።

5. ዕቃው ቀላል ይሁን። ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቂት ከለር ይበቃል። ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት፣ የዕቃ ካርቶን ሁሉ ያገለግላል። ትናንሽ ልጆች ወፈር ያለውን ይሻላቸዋል፤ የማርከር ክዳን ግን ያንቃቸዋልና ዓይናችሁን አትንቀሉ። አገር ቤት ያለውስ? ከሰልና ጠመኔ አለ። እኛ እኮ በመሬት ላይ በእንጨት የሳልን፣ ከጭቃ በሬ የሠራን፣ ለበቆሎ ፀጉር ሹሩባ የሠራን ልጆች ነን። ያ ሁሉ ይህ ነበር።

6. አስቀምጡት። ጀርባው ላይ ቀኑንና ልጁ ስለ ሥዕሉ ያለውን ቃል ጻፉ። ልጁ የተናገረው ነገር ፊደል ሆኖ ሲቀመጥ ያያል፤ ለመጻፍ የሚያጓጓው ከዚህ የበለጠ የለም።

በምንሠራበት ቤት

በሰው ቤት መሆናችንን አንርሳ። መጀመሪያ ማዳምን ጠይቁ፤ ወረቀት የቱ ነው፣ የት ይቀመጥ? አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ በእምነቱ ምክንያት ሰውና እንስሳ እንዲሳል አይፈልግም፤ ያኔ ዛፍ፣ ቤት፣ መርከብ፣ አበባ ይሳላል። ልጁን ወይም ሥዕሉን ፎቶ አንስታችሁ ለማንም አትላኩ፤ የቤተሰቡ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ ካለ ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ የምታጸዱም የምትሰደቡም እናንተ። በጩኸት ግን አይተውም። ትንሽ ልጅ ቆሞ በትልቁ መሳል ይወዳል፤ ክንዱ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ማዳምን አስፈቅጄ አንድ ትልቅ ካርቶን ዘርግቼ በልጁ ቁመት በፕላስተር ለጠፍኩለት። «እዚህ ይጻፋል፤ ግድግዳው ላይ አይጻፍም» አልኩት። ሲረሳ እጁን ይዤ ወደ ካርቶኑ እመልሰዋለሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከዚያ ግን ግድግዳ መፈተግ ቀረልኝ። እራት በምሠራበት ሰዓት ልጁ ካርቶኑ ላይ ሥራ ሲይዝ ለእኔም እረፍት ሆነልኝ።

በስልክ፣ ለራሳችን ልጆች

ስልክ በሳምንት አንዴ ብቻ የምታገኙ አላችሁ። ትንሽ ልጅ በስልክ ማውራት አይችልበትም፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና»፣ «በላሽ?» «በላሁ» ይልና ይሮጣል። እኛም «ረሳኝ» ብለን እናለቅሳለን። አልረሳም፤ ያለ ሥዕል ወሬው አልመጣለትም። ፎቶው ቀድሞ ይላክላችሁ፤ ስትደውሉ ስለ እሱ አውሩ። «የቆመው በግ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጀምሩ አሥር ደቂቃ ይበቃችሁ እንደሆነ እዩት።

ለአያት ወይም ልጁን ለምትይዘው እህት ሦስት ነገር ንገሯት። እንዳትስቅበት፤ እንዳታርመው፤ ሥዕሎቹን በአንድ ካርቶን እንድታጠራቅም። ስትመለሱ ያንን ካርቶን ትከፍቱታላችሁ። ያልነበራችሁባቸው ዓመታት በቅደም ተከተል እዚያ ይቆዩአችኋል።

እናንተም ሳሉ። እንዲኮርጀው ሳይሆን እንደ ደብዳቤ። የምትተኙበትን ክፍል፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን ሳሉና ላኩ። ልጅ «እናቴ የት ነው የምትተኛው?» ብሎ ያስባል፤ አይጠይቅም እንጂ።

እህቶች የጠየቁት

*ልጄ ሁሉን ነገር በጥቁር ይስላል፤ አዝኖ ይሆን?* ቀለም ብቻውን እንዲህ አይናገርም። ጥቁሩ በደንብ ስለሚታይ፣ ወይም በእጁ የቀረው እርሳስ እሱ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሥዕል ልጅን አንመርምር፤ «ንገረኝ» ብለን ቃሉን እንስማ። ነገር ግን ልጁ የሚያስፈራ ነገር ደጋግሞ ቢስልና በአፉም «መቱኝ»፣ «ነኩኝ» ቢል አትለፉት። ሳትቆጡ ስሙት፤ ከቤተሰብ የምታምኑትን ሰው ላኩና አጣሩ።

*በግራ እጁ ይስላል፤ አያቱ እጁን ትመታዋለች።* ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው፤ ተፈጥሮው ነው። እንድትተወው በትሕትና ለምኗት። በግራው ይሳል፣ በግራው ይጻፍ።

*የማዳሜ ልጅ ከታብሌት አይላቀቅም።* መንጠቅ ጠብ ነው። ወረቀቱንና ከለሩን ልጁ በሚያየው ቦታ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ የገበያ ዝርዝራችሁን ጻፉ። የሰው እጅ ሲጽፍ ማየት ልጅን ይስባል።

*11 ዓመቱ ነው፤ መሳል ትቷል። ረፍዶ ይሆን?* አልረፈደም። ግን «ሥዕል ሳል» አትበይው። «የቤታችንን በር ናፈቀኝ፤ እንዴት እንደሆነ አሳየኝ» በይው። ምክንያት ያለው ሥራ ስጪው።

ለመጨረሻ

ልጄ እንዴት እንደተመለሰች ልንገራችሁና ላብቃ። «ሳዪልኝ» ማለቱን ተውኩ። አንድ ማታ የምተኛበትን ክፍል በእርሳስ ሳልኩ፤ ጠባብ አልጋ፣ አጠገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከላይ ትንሽ መስኮት። ሥዕሌ አያምርም። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። እሁድ ስደውል «እማዬ፣ አልጋሽ ትንሽ ናት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሌሊት ይጮህ እንደሆነ፣ በመስኮቱ ምን እንደሚታይ ጠየቀችኝ። እንዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።

በሳምንቱ የራሷ መጣ። ያኔ 6 ዓመት ሊሞላት ነው። ግድግዳው እያለ ውስጡ የሚታይ ቤት። እናቴ በርጩማ ላይ፣ ዶሮዋ አልጋ ሥር። መሃል ላይ ደግሞ ከበሩ የሚበልጥ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ ሰው። ሰውየዋ እጅ አላት። ልቤ ወደቀ፤ ለልጄ ስልክ ሆኜ ቀረሁ ብዬ። ግን የተማርኩትን አስታወስኩና «ንገሪኝ» አልኳት።

«ይሄ ስልኩ ነው። አንቺ ውስጡ ነሽ። ትልቅ ያደረግኩት እንድትበቂበት ነው» አለችኝ።

ያ ሥዕል ፎቶው ታትሞ ዛሬ ከአልጋዬ በላይ ተለጥፏል።

የሳምንቱ ሥራችን ይህ ነው። በእጃችሁ ላለው ልጅም ሆነ አገር ቤት ላለው ልጃችሁ አንድ ጊዜ «ንገረኝ» ወይም «ንገሪኝ» በሉ፤ ሳትቋረጡ ስሙ። የሰማችሁትን ለሚቀጥለው እሁድ ይዛችሁ ኑ። ልጆቻችንን ባሉበት ይጠብቅልን። አሜን።